ብሎሰም ኢንቱ (blossom into) የሚለው እንግሊዝኛ ለወንድ ይባላል እንዴ? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ልፈተን እየተዘጋጀሁ ነው እና ስፒኪንጉ (የንግግር ክፍሉ) ላይ አንድ ነገር አላላውስ ብሎኛል። ክፍል 2 ላይ ካርድ ይሰጡሃል፣ 1 ደቂቃ ትዘጋጃለህ ከዛ እስከ 2 ደቂቃ ታወራለህ፣ እኔ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው ማውራት የፈለግኩት። ልጅ እያለ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብቶ የሚደበቅ ዓይናፋር ነበር፣ አሁን ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሞ ፊዚክስ ያስተምራል፣ በጣም ነው የምኮራበት፣ እና ይሄን ለውጡን የሚገልጽልኝ ስፈልግ ብሎሰም ኢንቱ የሚለውን አገኘሁ። ብሎሰም የዛፍ ማበብ ነው አይደል፣ ለሰው ሲሆን ቀስ እያለ አምሮበት ጥሩ ደረጃ መድረስ እንደሆነ ገብቶኛል።

የጨነቀኝ ግን አብሮኝ የሚያጠናው ልጅ ለሴት ብቻ ነው የሚባለው አለኝ፣ እኔ ያየኋቸው ምሳሌዎችም አብዛኞቹ "ሺ" (እሷ) ነው የሚሉት፣ ግን እኮ ጓደኝነት ወደ ፍቅር ሲያድግም ይባላል። ደግሞ "ሂ ብሎሰምድ ኢንቱ ኮንፊደንት" ስል ስህተት ነው ተባልኩ፣ "ኢንቱ ኤ ኮንፊደንት ቲቸር" ሲሆን ልክ ሆነ፣ ከኢንቱ በኋላ የግድ ስም መምጣት አለበት ማለት ነው? ግሮው ኢንቱ ይሻል ይሆን? እሱ ደግሞ የሰፋው ልብስ ሲያድግ ልኩ ሲሆንለትም ይባላል፣ ተርን ኢንቱ ለመጥፎም ስለሚሆን የወንድሜን ነገር አሳነሰብኝ።

እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ወይ ውጭ የምትኖሩ፣ ለወንድ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዓረፍተ ነገሩን አስተካክላችሁ ጻፉልኝ በእናታችሁ፣ ፈተናው ደርሷል።