«ጥንቅቅ ያለ ምግብ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? (ጥንቁቅ፣ ጠንቃቃ፣ ሜቲኩለስ)

ዉሃን ነኝ፦
ሰላም ለቤቱ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ አላስተኛ ብላኛለች።

የምማረው ቻይና ነው፣ ዉሃን። ላቦራቶሪ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ጎበዝ ቻይናዊ ልጅ አለ። ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን እየሠራ ነው። በታኅሣሥ «ስጂ» ይፈተናል። ስጂ «አራተኛ ደረጃ» ማለት ነው፤ የኮሌጅ ተማሪዎች የሚወስዱት አገር አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ አለ። በዓመት ሁለቴ፣ ሰኔና ታኅሣሥ ላይ ይሰጣል። ከ710 ነው የሚታረመው። 425 ያመጣ ተገላገለ ይባላል። ከሱ በላይ ደግሞ «ልዩጂ» የሚሉት ስድስተኛ ደረጃ አለ።

ከፈተናው 15 በመቶው ትርጉም ነው። አንድ አንቀጽ ቻይንኛ በ30 ደቂቃ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለህ። ልጁ በድሮ ፈተናዎች ይለማመዳል። በዲሴምበር 2013 የወጣ ስለ ቻይና ምግብ የሚያወራ አንቀጽ አለ። ውስጡ «ጂንግሺን የተዘጋጀ የቻይና ምግብ ይጥማል፣ ለዓይንም ያምራል» የሚል ሐሳብ ይገኛል። ጂንግሺን በጥንቃቄ እንደማለት ነው። እሱ ምን ብሎ ጀመረው? «ሜቲኩለስ ቻይኒዝ ፉድ»።

አይሆንም አልኩት። ለምን? አለኝ። የቃላት ደብተሩን አወጣ። ከሜቲኩለስ ትይዩ በቻይንኛ «እጅግ ጥንቃቄ የተሞላበት» የሚል ጽፏል። ቃሉ ትክክል፣ ፍቺው ትክክል። ለምን እንደማይሆን ማስረዳት አቃተኝ።

በራሴ ቋንቋ ልሞክረው አልኩ። «ጥንቁቅ ምግብ» አንልም። እዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ግን «ጥንቅቅ ያለ ምግብ» እንላለን! እናቴ ለፋሲካ የምታቀርበውን ዶሮ ወጥ ከዚህ ሌላ በምን ቃል እገልጸዋለሁ? ታዲያ የጥንቁቅ፣ የጠንቃቃና የጥንቅቅ ልዩነት ምንድን ነው? ልጁስ ምን ብሎ ይጻፍ?

ጠመኔ፦
31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፣ ልጄ። ሁለተኛው ጥያቄህ ቀላል ነው። ሜቲኩለስ የሚባለው ሠሪው ነው፣ ወይም አሠራሩ። ሜቲኩለስ ወጥ ቤት አለ። ሜቲኩለስ አዘገጃጀትም አለ። ሳህኑ ላይ የተቀመጠው ምግብ ግን ሜቲኩለስ አይሆንም፣ የሚጠነቀቅበት ልብ የለውም። «ኬርፉሊ ፕሪፔርድ»፣ በጥንቃቄ የተዘጋጀ፣ ብሎ ይለፍ። አራሚ የሚወደው የተገጣጠመ ቃል ነው።

ሥረ ቃል፦
ቲቸር ጥሩ ብለዋል፣ ነገር ግን ሥሩን ካላየን አይገባንም። ሜቲኩለስ ከላቲን «ሜቱስ» ነው የመጣው። ሜቱስ ፍርሃት ነው። ቃሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ «ፈሪ» ማለት ነበር። ለዝርዝር ነገር የሚጠነቀቅ የሚለው ፍቺ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው።

አሁን ወደ እኛ ኑ። ጥንቁቅ ከምን መጣ? ከጠንቅ! የጤና ጠንቅ፣ የአገር ጠንቅ እንላለን። ጠንቅን የሚፈራ ሰው ይጠነቀቃል። ፈረንጁም እኛም ከፍርሃት ተነስተን ጥንቃቄ ላይ ደረስን። ጠንቋይም ከዚሁ ነው፣ ጠንቅ አዋቂ ማለት ነው።

የዋሸራው፦
ወንድሜ፣ ዋሸራ ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ውያለሁ። ይህን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ጠንቋይ የግእዙ «ጠንቈለ» ነው። በቈ ነው የሚጻፈው፣ ከንፈር ይሞላል። ለ አለበት፤ በአማርኛ ለ ወደ የ ተለውጦ ጠንቋይ ሆነ። ጥንቁቅ ደግሞ «ጠንቀቀ» ነው። ቀው ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለቱም ተራ ቀ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር አይቻልም።

ጠንቀቀ በግእዝ ነገሩን በልክ፣ በትክክል ማድረግ ነው። ፍርሃት ውስጡ የለም። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ለቴዎፍሎስ ምን አለው? «በጥንቃቄ ሁሉን ከመጀመሪያው ተከትዬ በየተራው ልጽፍልህ»። ሉቃስ ማንን ፈርቶ ነው? የሚጽፈው ነገር እንዳይዛነፍ፣ እርግጡ እንዲታወቅ ነው። ጥንቃቄ እርግጥነት ነው።

ሥረ ቃል፦
መምህር፣ ስለ ጠንቋይ ተቀብያለሁ። ቈዋን አላየኋትም ነበር። ስለ ጠንቅ ግን አልመለስም። ወንጌል ካነሱ ጳውሎስን ላንሳ። ለኤፌሶን ሰዎች «እንዴት እንድትመላለሱ በጥንቃቄ ተጠበቁ» ይላል። ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ብሎ ምክንያቱንም ያስከትላል። ክፉ ቀን ጠንቅ አይደለም?

ባለ ሠረገላ፦
ወታደር የነበረ ሰው ይናገር። ሰልፍ ላይ «ተጠንቀቅ!» ሲባል ማንም አይፈራም። ቀጥ ትላለህ። ተረከዝ ከተረከዝ ይገጥማል፣ እጅ ከሱሪ ስፌት ጋር ይሆናል። ልክ መያዝ ነው። በዚህ መምህሩ ልክ ናቸው። ግን ትራንስፎርመር ላይ «ጥንቃቄ» የሚል ከራስ ቅል ሥዕል ጋር ተለጥፎ ስታይ እሱ ደግሞ ፍራ ነው የሚልህ። በዚህ ሥረ ቃል ልክ ነው።

ፒያሳ 4 ኪሎ፦
ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ሁለት ዓመት ቻይንኛ ተምሬአለሁና ስለ «ጂንግሺን» ትንሽ ልበል። ሁለት ፊደል ነው። ሁለተኛው «ሺን» ልብ ነው። የመጀመሪያው «ጂንግ» በግራ ጎኑ የሩዝ ምልክት አለው፣ በቀኙ ድምፁን የሚሰጠው ክፍል። መነሻው የተፈተገ፣ የተመረጠ ሩዝ ነው። ምስር ለቅማችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን አውጥታችሁ ንጹሑ ብቻ ሲቀር? ጂንግሺን እንደዚያ የተለቀመ ልብ ነው። ስለዚህ እዚህም ፍርሃት የለም። ቃሉ ደግሞ የሚገልጸው «ማዘጋጀት» የሚለውን ግሥ ነው፣ ምግቡን አይደለም። ልጁ ግሡን ጥሎ ቅጽሉን ምግቡ ላይ ለጠፈው። ስህተቱ እዚያ ጋ ነው።

ጠመኔ፦
ተባረክ። በአንድ መስመር ጨረስከው።

ዉሃን ነኝ፦
ይህን አሁኑኑ አሳየዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ቲቸር፣ «ኬርፉሊ» ብዬ ብነግረው ፊቱን አጠቆረብኝ። ትንሽ ቃል ነው ብሎ ነው። እዚህ ተማሪው ሁሉ «ከፍተኛ ቃል» የሚባል ነገር ይሰበስባል። ኢምፖርታንት አትበል፣ ክሩሻል በል። ቲንክ አትበል፣ ሜንቴን በል። ሞር ኤንድ ሞር አትበል፣ ኢንክሪዚንግሊ በል። በግራ ተራ ቃል፣ በቀኝ ከፍተኛ ቃል፣ እንደ ልብስ ይቀያየራሉ። አራሚውን የሚያስደንቁት በዚህ ይመስላቸዋል።

አራተኛው ደረጃ ከ4 ሺህ በላይ ቃል ይፈልጋል። ልጁ ማታ ማታ በስልኩ ሲሸመድድ አየዋለሁ። መሸምደድን «ቤይ» ይሉታል። ያው ፊደል ጀርባ ማለትም ነው። የቃላት መጽሐፎቹ በኤቢሲዲ ሲደረደሩ ከፊት የሚገኘው ቃል «አባንደን» ነው፣ መተው። ቻይና ውስጥ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። መጽሐፉን ይከፍታሉ፣ አባንደን ይላሉ፣ ይተዋሉ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ከአባንደን ይጀምራሉ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ሳቅን፣ ግን አሳዘነኝም። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ነው መጀመሪያው ገጽ ላይ የሚቀረው? አሁን ለዚህ ተብሎ ቅደም ተከተላቸው የተደበላለቀ መጽሐፎች ይታተማሉ።

የዋሸራው፦
ይህስ በእኛም አለ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ግስ፣ የግእዙ መዝገበ ቃላት፣ በአበገደ ነው የተደረደረው፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው የፊደል ተራ። ሀለሐመ የለመደ ተማሪ ቃሉን ሲያጣው ተናዶ ይዘጋዋል። አበገደን በቃሉ ያልያዘ ሰው ያን መጽሐፍ አይደፍረውም።

ፒያሳ 4 ኪሎ፦
አበገደ ከሀለሐመ ይቀድማል ወይስ...

ጠመኔ፦
ልጆች፣ እሱን ለሌላ ቀን። የልጁን ነገር አትርሱ። ዉሃን፣ ለጓደኛህ ይህን ንገረው። ተማሪዎቼ ሁሉ እንደሱ ነበሩ። አንዱ «ማይ ፋዘር ኢዝ ጂጋንቲክ» ብሎ ጽፎልኛል፣ አባቴ ትልቅ ሰው ነው ለማለት። ቃል ብቻውን አይኖርም። ከማን ጋር እንደሚውል ማወቅ አለብህ። ደብተሩ ላይ ሜቲኩለስ ብሎ ብቻ አይጻፍ። «ሜቲኩለስ አቴንሽን»፣ «ሜቲኩለስ ፕላኒንግ» ብሎ ከነጎረቤቱ ይጻፍ። ከፍተኛ ቃል ካማረው ደግሞ «ሜቲኩለስሊ ፕሪፔርድ» ይበል፣ እሱም ትክክል ነው።

ሥረ ቃል፦
እኔ ግን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጥንቁቅና ጠንቃቃ። ጠንቃቃ ሹፌር ማለት በቀስታ የሚነዳ፣ አደጋ የሚፈራ ነው። ጥንቁቅ ሹፌር ግን መኪናውን በየጠዋቱ የሚፈትሽ፣ ዘይቱን የሚያይ፣ ፍሬቻ የማይረሳ ነው። ጠንቃቃው ጠንቅን ይሸሻል፣ ጥንቁቁ ልክን ይይዛል። አሁን ከመምህሩ ጋር ግማሽ መንገድ ተገናኘን መሰለኝ።

የዋሸራው፦
ልዩነቱን በደንብ አይተሃል። አመጣጡን ልጨምርልህ። ጥንቁቅ ሳድስ ውስጠ ዘ የሚባለው፣ ከግሥ የሚወጣ ቅጽል ነው፣ እንደ ቅዱስ፣ እንደ ብሩክ። የተቀደሰ፣ የተባረከ እንደሚባለው የተጠነቀቀለት ማለት ይሆናል። በሰዋስዉ ከሄድን «ጥንቁቅ ምግብ» ማለት አያስነውርም። ሰዋስው የፈቀደውን አፋችን ከለከለው። ጠንቃቃ ደግሞ አማርኛ ራሱ ያበጀው ነው፣ ከግእዝ አልተዋሰውም።

ባለ ሠረገላ፦
መምህር፣ ይቅርታዎን። ጥንቁቅ ሰው ስንል የተጠነቀቁለት ሰው ማለታችን ነው? አይደለም እኮ። የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

የዋሸራው፦
ሳድስ ሆኖ አድራጊ የሚሆንም አለ። ሁሉም እንደ ብሩክ አይሄድም።

ባለ ሠረገላ፦
ታዲያ ቅድም ለምን እንደ ብሩክ አሉ?

የዋሸራው፦
መልኩን ለማሳየት ነው ያልኩት፣ ፍቺውን አይደለም። ቅኔ ቤት ይህን ለመለየት ዓመት ይፈጃል።

የድግስ እጅ፦
ግእዝ አላውቅም፣ ግን ሠርግ አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ልናገር። «ጥንቅቅ ያለ ድግስ» ስንል ጥንቃቄ ማለታችን አይደለም። ምንም አልጎደለም ማለታችን ነው። ጠላው ደርሷል፣ ጠጁ ጠርቷል፣ እንጀራው ዓይኑ ያምራል፣ የጾመኛው ለብቻው ተቀምጧል፣ የእጅ ማስታጠቢያው ሳይቀር ቦታው ላይ ነው። ያን ጊዜ እንግዳው «ጥንቅቅ ያለ ነው» ብሎ ይመርቃል። አዘጋጅዋ እየፈራች ሠራችው ወይ እየሳቀች፣ ማንም አይጠይቅም። «ዳዊቱን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል» ሲባልስ? ጨርሶ ያውቃል፣ አንድ መዝሙር አይስትም ማለት አይደለም?

ፒያሳ 4 ኪሎ፦
እትዬ፣ ይህን እስካሁን ማንም አላየውም።

የዋሸራው፦
እመቤቴ፣ ልክ ነዎት። እኔም ደግሜ አሰብኩት። ጠንቀቀ ውስጥ መፈጸም አለ፣ ሥራን ከጫፉ ማድረስ። ጥንቃቄው መንገዱ ነው፣ ጥንቅቁ ደግሞ መድረሻው። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሠሪው ላይ፣ ጥንቅቅ ምግቡ ላይ የሚያርፈው።

ሥረ ቃል፦
መፈጸም ካለበት ጠንቅ ከየት መጣ? ጠንቅ የነገር መጨረሻ ይሆን? መዘዝ፣ የሥራ ውጤት? «በሱ ጠንቅ» ስንል በሱ ምክንያት፣ እሱ ባመጣው ማለታችን ነው እኮ።

የዋሸራው፦
እሱን አሁን አታንሳብኝ። በአንድ ቃል የሦስት ቀን ቅኔ ልታስቆጥረኝ ነው።

ዉሃን ነኝ፦
የእትዬን መልስ ለልጁ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ አደባልቄ ነገርኩት። ወዲያው ገባው። በእንግሊዝኛ ለሠሪው አንድ ቃል አለ፣ ለምግቡ ሌላ ቃል ያስፈልጋል አለ። ደብተሩ ላይ ሜቲኩለስን ሰረዘና ከጎረቤቶቹ ጋር ደግሞ ጻፈው። ቀጥሎ ግን እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። «እሺ፣ ለሠሪው ሳይሆን ለምግቡ፣ ምንም ያልጎደለው የሚል አንድ ከፍተኛ ቃል በእንግሊዝኛ ማነው?» ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቲቸር፣ ምን ልበለው?

ሥረ ቃል፦
ከቃሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። «ፐርፌክት» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፣ ጨርሶ የተሠራ ማለት ነው። ከጥንቅቅ ጋር...

ጠመኔ፦
ልጄ፣ ፐርፌክትን ሁሉም ያውቀዋል፣ «ከፍተኛ ቃል አይደለም» ይልሃል። እኔ ብሆን አሁንም ኬርፉሊ ፕሪፔርድ ብዬ እጽፋለሁ።