ለመንግሥት የተፈረደ የጦርነት ካሣ ለተጎጂው ሰው የሚደርሰው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ አሥመራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በልብስ ስፌት ሲተዳደሩ ኖረው በ1992 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሻንጣ ብቻ ይዘው ወደ አገር ቤት ተመለሱ። እንደ ተመለሱም ያጡትን ንብረት በቅጽ ሞልተው ፈርመዋል። ቅጂው እስከ ዛሬ እዚያው ሻንጣ ውስጥ አለ፤ ከሲንጀር የስፌት መኪና ጀምሮ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን እያለ እስከ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ይወርዳል። ሔግ ላይ ይሠራ የነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ውሳኔ ከሰጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አክስቴ ግን ዛሬም «የኔ ነገር ምን ደረሰ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ የምመልስላቸው አጥቻለሁ። ውሳኔውን በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የሕግ ባለሙያ፦

አክስትዎን እግዜር ያበርታልን። ኮሚሽኑ የተቋቋመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ በተፈረመው የሰላም ስምምነት አንቀጽ 5 መሠረት ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ስለ ሲቪሎች በሰጠው ውሳኔ ሁለቱም መንግሥታት ያጠፉትን ለይቶ አስቀምጧል። የኤርትራ መንግሥት ኢትዮጵያውያንን ከሰብአዊነት ውጭ በሆነ ሁኔታ በማሰሩ፣ ታሳሪዎችን በግዳጅ በማሠራቱና ወደ አገራቸው ሲመልሳቸውም ደኅንነታቸውን ባለመጠበቁ ተጠያቂ ሆኗል። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ አንዳንድ ሰዎችን ያለ አግባብ ዜግነት በመንፈጉና የተባረሩ ሰዎች ንብረት እንዲጠፋ የሚያደርግ አሠራር በመከተሉ ተጠያቂ ሆኗል።

የገንዘቡ መጠን የተቆረጠው ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ለኢትዮጵያ 174,036,520 ዶላር፣ ለኤርትራ ደግሞ 161,455,000 ዶላር ተፈረደ፤ ኤርትራ በስማቸው የግል አቤቱታ ላቀረበችላቸው ጥቂት ሰዎች 2,065,865 ዶላር ተጨምሯል። የአክስትዎ ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኮሚሽኑ ሥራውን ሲጀምር ተመሳሳይ በደል ለደረሰባቸው በርካታ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ቁርጥ ያለ ገንዘብ የሚከፈልበት አሠራር አዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም መንግሥታት ያንን መንገድ ትተው አቤቱታውን በመንግሥት ስም አቀረቡ። ስለዚህ እንደ አክስትዎ ባሉ ሰዎች የተሞሉት ቅጾች ለመንግሥት ክስ ማስረጃ ከመሆን አልፈው ባለ መብት አላደረጓቸውም። ፍርዱ የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ቢባልም ገንዘቡን ተቀብሎ ለባለ ጉዳዮች የሚያከፋፍል አካል አልተቋቋመም። ኮሚሽኑ ራሱ ካሣው ለጦርነቱ ተጎጂዎች እንዲውል ማሳሰቡን ሳስብ አዝናለሁ፤ ማሳሰቢያ ትእዛዝ አይደለምና።

ከሲያትል፦

እኔ በምኖርበት አገር የተደረገውን ልጨምር፤ ልዩነቱ ጉዳዩን ያጎላዋል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ 120,000 ያህል ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጅ ዜጎቿን ከምዕራብ ጠረፍ አንሥታ በካምፕ አጎረቻቸው። በ1948 የወጣው የመጀመሪያው የካሣ ሕግ ንብረት የጠፋበት ሰው በሰነድ እንዲያስረዳ ይጠይቅ ነበር፤ ሁለት ሻንጣ ይዞ የወጣ ሰው ደረሰኝ ከወዴት ያመጣል? የተከፈለው በሙሉ ተደምሮ 40 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም።

በ1988 የወጣው ሁለተኛው ሕግ ግን ነገሩን ገለበጠው። ተጎጂው ማመልከቻ እንዲያስገባ አልተገደደም፤ ፍትሕ ሚኒስቴሩ በመንግሥት እጅ ካለው የካምፕ መዝገብ ተነሥቶ ሰዎቹን እንዲፈልግ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1990 ክፍያው ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው በዕድሜ ለገፉት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው ፕሬዚዳንቱ የፈረሙበት የይቅርታ ደብዳቤና የ20,000 ዶላር ቼክ ይሰጠው ጀመር። በዚህ ሁኔታ 82,219 ሰዎች ካሣቸውን ተቀብለዋል። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት የሞቱት ግን ቀርተዋል፤ ይህ ቅሬታ እስከ ዛሬ በልጆቻቸው አንደበት አለ። የአክስትዎ ዕድሜ የሚያሳስበኝም ለዚሁ ነው።

የአዲስ አበባ ልጅ፦

የሌላውን ወገን ጉዳትም በቅርብ አይቻለሁ። በ1990 ዓ.ም. ክረምት በአጥራችን በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን ወደ ኤርትራ ሲላኩ አባቴ ቤቱን እንዲሸጡላቸው ውክልና ተቀበሉ። ለመሸጫ የተሰጠው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበር፤ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን እየሰበረ ይመጣል። አባቴ በየማታው በደብተራቸው ላይ የቀረበላቸውን ዋጋ ይጽፉ ነበር፤ የመጨረሻው ከመጀመሪያው በግማሽ ያነሰ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ኮሚሽኑም ይህን የአንድ ወር ገደብና በአንዳንድ ሽያጮች ላይ የተጣለውን መቶ በመቶ የሚደርስ «የቦታ» ግብር ነቅፎታል። ጎረቤቶቻችንም ሆኑ የጠያቂው አክስት የሚገኙት በአንድ መዝገብ ላይ ነው፤ በሁለቱም ወገን የተፈረደው ለመንግሥት ነው። እኔ የሚታየኝ ፍትሕ የሁለቱንም አገር ቅጾች ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ባለቤቶቻቸውን በየስማቸው መጥራት ነው።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ያላችሁኝን ለአክስቴ አነበብኩላቸው። ስለ ገንዘቡ ብዙም አልተናገሩም፤ «ታዲያ ቅጹን ያነበበው ሰው አለ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የሕግ ባለሙያው ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል ያሉኝን ነገርኳቸው። ከዚያም መነጽራቸውን አምጣ ብለው ተራ ቁጥር አራት ላይ ቀለሙ የደበዘዘውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፤ የአንድ ደንበኛ ያላለቀ የሠርግ ቀሚስ ነው። እኔም ከጎኑ በእርሳስ ጻፍኩት።