መርከቡ ዛንዚባር ለአንድ ቀን ሲቆም እናቴን የት ልውሰዳቸው?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ፦
ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ እኔንና እናታችንን በመርከብ ጉዞ ጋብዛናለች፤ ዛንዚባር የምንቆየው ከጠዋት እስከ ማታ ብቻ ስለሆነ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ ሳይደክሙ ምን ማየት ይችላሉ?

መልስ፣ ከሐረር፦
ወንድሜ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ስቶን ታውን የተባለው አሮጌው ከተማ ወደቡ አጠገብ በመሆኑ በእሱ ይወሰኑ። ጠባብ መንገዶቹ ጁገልን ያስታውሳሉ፤ የናስ ጉጦች የተመቱባቸውን የተቀረጹ የእንጨት በሮች እናትዎ ቀረብ ብለው ይዩአቸው፤ ከዳራጃኒ ገበያም ቅርንፉድ ይግዙላቸው።

መልስ፣ ከድሬዳዋ፦
ግዙፍ ኤሊዎች ያሉበት ቻንጉ ደሴት ያምራል፤ ነገር ግን ከጀልባ መውጣትና መውረድ ስላለበት ለታመመ ጉልበት አልመክረውም።

መልስ፣ ከሐረር፦
በሰዓቱ ይጠንቀቁ፤ መርከቡ 17 ሰዓት ብሎ የሚጽፈውን የደሴቲቱ ሰዎች በስዋሂሊ እንደኛው 11 ሰዓት ይሉታልና የመመለሻውን ሰዓት በመርከቡ አቆጣጠር ጽፈው ይያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም አትርሱ።