የአንድ ማርሽ ሳይክል ሞዞ ላይ ሰባት ማርሽ ይገባል?

ዳገት ወጪ
ሰላም ቤተሰብ። ማውንቴን ሳይክል አለኝ፣ ኋላው አንድ ማርሽ ብቻ ነው። ፊት 32፣ ኋላ 16 ጥርስ። መስቀል አደባባይ አካባቢ ሜዳው ላይ ይበራል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን ማዘጋጃ ቤት ሳልደርስ ጉልበቴ ያልቃል፣ ወርጄ መግፋት ነው። እንጦጦ መውጣትም በጣም እፈልጋለሁ። አንድ ሠሪ «የድሮውን ፈትተህ ባለ ሰባቱን ማጥበቅ ነው፣ ቀላል ሥራ» አለኝ። እውነት ሞዞው (የኋላ ጎማው መሀል ያለው፣ ማርሹ የሚታሰርበት ክፍል) ሳይቀየር ይሆናል? ፍሬሙ ብረት ነው፣ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርበት ጆሮ አለው።

ኩሽኔታ
ወንድሜ፣ ሠሪው ግማሹን ነው የነገረህ። መጀመሪያ የሞዞህን ዓይነት እወቅ። ማርሹ እንደ ቡሎን ዞሮ የሚጠብቅ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ባለ አንዱም ባለ ሰባቱም አብዛኛውን ጊዜ ልካቸው አንድ ነው፣ 1.37 ኢንች። መግባቱ ይገባል። ጣጣው ቦታ ነው። ባለ ሰባቱ ወፍራም ስለሆነ ትንሿ ማርሽ ላይ ያለው ካቴና ፍሬሙን ይፈጫል። ስለዚህ በቀኝ በኩል ሮንዴላ ትጨምራለህ፣ ፔርኖው (ሞዞውን የሚያቋርጠው ዘንግ) ካጠረ ረዘም ያለ ትገዛለህ፣ ያኔ ደግሞ ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት) ከመሀል ይወጣና የቀኙን ራጂ (ቸርኬውን ከሞዞው የሚያገናኙትን ሽቦዎች) እያጠበቅክ የግራውን እያላላህ ወደ ቦታው ትመልሰዋለህ። ይህን የመጨረሻውን ሥራ እጁ ለለመደ ሰው ስጥ።
የኋላ ጎማው ፔርኖ በሚገባባቸው በሁለቱ የፍሬሙ ጫፎች መሀል ያለውን ክፍተት ለካ። 110 ሚሊሜትር ከሆነ ተወው። ለሰባት ማርሽ የተለመደው 126 ነው፣ ማውንቴን ላይ ደግሞ 135። ብረት ፍሬም ጥቂት ሚሊሜትር ቢከፈት ይችላል፣ አሉሚኒየም ቢሆን ግን ይሰነጠቃል፣ ማንም እንዲከፍትልህ አትፍቀድ።

የአራት ኪሎ ልጅ
ኩሽኔታ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፦ የድሮው ማርሽ በፔዳል ግፊት ሲጠብቅ ስለኖረ በቀላሉ አይፈታም። ሁለት ወይም አራት ጥርስ ያለው መፍቻ አለው። መፍቻውን ሞርሳ ላይ አጥብቀህ፣ ጎማውን ከላይ አስቀምጠህ፣ በሁለት እጅህ እንደ መኪና መሪ ይዘህ ወደ ግራ አዙር። ግጭ ብሎ ይለቃል። ሞዞ ልትቀይር ብታስብ እንኳ ራጂውን ከመቁረጥህ በፊት ይህን አድርግ፣ ራጂው ከወጣ በኋላ የምትይዝበት የለህም። አዲሱን ስታስገባ ግሪስ ቀባው።
ካቴናውም ይቀየራል። የአንድ ማርሽ ካቴና ሰፊ ነው፣ ሰባቱ ላይ ማርሽ በደንብ አይቀይርም።

ሣራ በሳይክል
ማርሹ በጥርስ እየገባ ከላይ በቀለበት የሚታሰር ከሆነስ? ያ አጭር ሞዞ ነው፣ ሰባት አይችልም። ግን ስፔሰሮቹን (ቦታ መሙያ ቀለበቶቹን) አውጥተህ ከአሮጌ ካሴት (በጥርስ ከሚገባ የማርሽ ድርድር) የፈታሃቸውን ሦስት ወይም አራት ማርሾች መደርደር ትችላለህ፣ 20 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ካለ አራት ይገባል። መቀየሪያ እጀታውን «ጣ ጣ» የማይለውን፣ በአውራ ጣት እንደፈለግክ የምታቆመውን አድርገው፣ ከየትኛውም ጋር ይሄዳል።
ለዳገት ደግሞ ዋናው የትልቁ ማርሽ ጥርስ ነው እንጂ የማርሹ ብዛት አይደለም። በ26 ኢንች ጎማ አሁን ፔዳሉን አንዴ ስታዞር 4 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። በ28 ጥርስ ወደ 2.4 ሜትር ይወርዳል። ቸርችልን ቁጭ ብለህ ትወጣዋለህ።

ዳገት ወጪ
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ለካሁት፣ 135 ነው። ማርሹም እንደ ቡሎን የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ግራ በኩል ወፍራም ስፔሰር አለ፣ እሱን ወደ ቀኝ ባዞረው ፔርኖ ሳልገዛ ይበቃኛል?

ኩሽኔታ
135 ከሆነ ሞዞህን አትቀይረው። ስፔሰሩን አዙረው፣ ዳዶው የሚይዝበት የፔርኖ ጫፍ በሁለቱም ጎን እኩል መውጣቱን ግን እይ። በቀኝ ካነሰ ፔርኖውን ራሱን ወደ ቀኝ ግፋው። ባለ 14–28ቱን ግዛ። ቸርኬውን ሳታስተካክል እንዳትነዳ፣ ጎማው ፍሬሙን ይበላዋል።