የእድር መዝገብ አፕ ማፍጠኛ፦ የጋራ ዕቅድ ማርቀቂያ

ሰብሳቢ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የአፕ ሠሪ ማኅበራችን ለእድሩ የሚያቀርበውን ዕቅድ እዚሁ እንጨርሰው። 400 አባል፣ በዓመት 12 ክፍያ፣ የ12 ዓመት መዝገብ፤ ባጠቃላይ 57,600 መስመር። (ጳጉሜን ማንም አያስከፍልም።) ገንዘብ ያዧ ስም ስትፈልግ ስልኳ ሀንግ ያደርጋል፣ ከፋዩ ቆሞ ይጠብቃል። የእኔ ረቂቅ፦ መዝገቡን የምናስቀምጥበት ሰርቨር እንከራይ፣ ወጪውን እድሩ ይቻል።

ከኮምቦልቻ፦
ሰብሳቢያችን አይቀየሙኝ፣ በዚህ አልስማማም። 57 ሺህ መስመር ለኤስኪውላይት (መዝገቡን ስልኩ ላይ ለሚይዘው ዳታቤዝ) ምኑም አይደል። ደግሞ ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሰርቨር ልንጠብቅ ነው? ትናንት ማታ የፍለጋው ትእዛዝ ፊት «ኤክስፕሌይን ኩዌሪ ፕላን» (እንዴት እንደሚፈልግ ንገረኝ ማለት ነው) ጨምሬ አስኬድኩት። የመለሰልኝ «ስካን» ነው፤ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች እያነበበ ነው ማለት ነው። ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ መጠቆሚያ) ይዞ ቢፈልግ ኖሮ «ሰርች» ይል ነበር።

ከሙጋድ (ደሴ)፦
ስሙ ላይ ኢንዴክስ አለ እኮ! ራሴ ነኝ ያስገባሁት።

ከኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ መኖሩንስ አለ። ግን አይነካውም፤ ጉዱ ያለው ፊደላችን ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ መዝግቧል። አንተም ሐ እና ኀን (ኃን ጨምሮ) ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የምትመልሰው ሰው ሲፈልግ ነው። አምስት ፊደል ከነሰባት ሰባት ዘራቸው 35 «ሪፕሌስ» (ፊደል መተኪያ ትእዛዝ)። በ57,600 ስታባዛው ለአንድ ስም ፍለጋ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ምትክ ነው። አምዱ በ«ሪፕሌስ» ከተሸፈነ ደግሞ የስሙ ኢንዴክስ አይሠራም። ስለዚህ አንድ «የተስተካከለ ስም» የሚባል አምድ እንጨምር፤ ሲመዘገብ አንዴ ይስተካከል፣ ኢንዴክሱም እሱ ላይ ይሁን። የሚፈለገውም ቃል በዚያው መንገድ ይስተካከል።

ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦
አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የዋህነት ከሆነ ይቅርታ። የአንድ ሰው ስም ለምን 144 ጊዜ ይጻፋል?

ከሙጋድ፦
ከድሮው ኤክሴል እንዳለ ስለገለበጥኩት። 🙈

ከቧንቧ ውሃ፦
እንግዲያው አባላት በአንድ ሰንጠረዥ፣ ክፍያ በሌላ ይሁን፤ ክፍያው የአባል ቁጥር ብቻ ይያዝ። ፍለጋው 400 ስም ላይ ይሆናል። ያኔ ሰዎች እንደለመዱት በአባት ስም ቢፈልጉም፣ ከመሃል ቢጀምሩም ችግር የለም፤ 400 መስመር «ስካን» ቢደረግ ማንም አያውቀውም። ኢንዴክሱ የሚያስፈልገው ክፍያው ላይ ነው፤ በአባል ቁጥርና በቀን።

ከኮምቦልቻ፦
ወይ ጉድ! እኔ ኢንዴክስ ኢንዴክስ ስል ይቺን አላየኋትም። ተቀብያለሁ። የተስተካከለው ስም አምድ ግን ይቅር አትበሉ፤ ኃይሉን ለማግኘት አሁንም ያስፈልጋል።

ከሙጋድ፦
ማዛወሩን እኔ እወስዳለሁ። ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔ።

ከኮምቦልቻ፦
በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አድርገው፤ ወይ ሁሉም አብሮ ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም። እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ካስገባህ ኤስኪውላይት በየመስመሩ ጽሑፉ በስልኩ ማከማቻ ላይ መስፈሩን ይጠብቃል፤ ያ ነው የሚያንቀራፍፈው። በአንድ ከሆነ ባትሪ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ መዝገቡ እንደነበረ ይገኛል። ቢሆንም ፋይሉን ቀድመህ ኮፒ አድርግ።

ሰብሳቢ፦
የክፍያ ዝርዝሩ ወደ ታች ሲሳብ የሚዘገየውስ?

ከቧንቧ ውሃ፦
እሱ «ኦፍሴት» ነው። 50,000 ዝለል ስንለው አይዘልም፤ ቆጥሮ ይጥላቸዋል። ገጹ ያለቀበትን ቀንና የክፍያ ቁጥር ይዘን «ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን 50 አምጣ» እንበለው።

ሰብሳቢ፦
ሰርቨሩን ከረቂቁ ሰርዣለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ የአባላትንና የክፍያን መዝገብ ይለያል፤ የስም አጻጻፍን በምዝገባ ጊዜ ያስተካክላል፤ ዝርዝሩን በ50 በ50 ያቀርባል። ከእድሩ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። ከሥራው በፊትና በኋላ ፍጥነቱ በገንዘብ ያዧ ስልክ ይለካል።»

ከሙጋድ፦
በእሷ ስልክ ለምን? የእኔ ይሻላል።

ከቧንቧ ውሃ፦
ስለሚሻል ነዋ።

ከኮምቦልቻ፦
😂 እሁድ ሐረጎን ወጥቼ እመጣለሁ፣ አብረን እንለካዋለን። ቡናው ከደሴዎች።