ጋይ ቤተሰቡን ይወዳል ወይስ ጥሎ ሄደ?
ስለ ካሪቢያን አጭር ልቦለድ ተርም ፔፐር እየጻፍኩ ነው። የያዝኩት የሄይቲ ተወላጇ ኤድዊጅ ዳንቲካ በ1995 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው «ክሪክ? ክራክ!» የተባለ የአጭር ልቦለዶች መድበል ውስጥ «ኤ ዎል ኦፍ ፋየር ራይዚንግ»ን ነው።

ዋናው ገጸ ባሕሪ ጋይ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ያገኘው ሥራ ሽንት ቤት ማጽዳት ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰዓት። ልጁን ለፋብሪካው ሥራ ከአሁኑ ላስመዝግብ ሲል ሚስቱ ሊሊ አሻፈረኝ ትላለች። ልጁ ለትምህርት ቤት ቲያትር በ1791 እ.ኤ.አ. የተነሳው የሄይቲ ባሪያዎች አመፅ መሪ የነበረውን የቡክማንን ንግግር ይሸመድዳል። ጋይ በመጨረሻ የፋብሪካው ባለቤቶችን ሰው የሚያሳፍር የሙቅ አየር ፊኛ ይዞ ይነሳና ከሰማይ ይዘላል።

ግፉን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ እሱ ቀላል ነው። የጨነቀኝ ፍቅሩ ነው። «ጥሏቸው ሄደ» ብዬ ብጽፍ ሊሊ ታፈርስብኛለች፤ ሰማይ ማየት ይወዳል ብላ የሬሳውን ዓይን አታስከድንም። «ለልጁ ሲል ነው» ብልም ልጁ እያየው ነው የሞተው። ታሪኩን ያነበባችሁ፣ ዝላዩን የፍቅር ሥራ ነው ብዬ ለመከራከር የትኛውን ትዕይንት ልያዝ?