መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፣ ከበር ጋር ግን ትጋጫለች

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻዋ
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ) እንዳለባት ካወቅን አራት ዓመት ሆነን። ባለፈው ወር ሐኪሙ «የጠፋው ዕይታ አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን» ብሎ አሰናበተን። ከነችግሯ እንዴት እንደምትኖር ግን የነገረን የለም። ግራ የሚያጋባን ነገር አለ። መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፣ በግቢው በር የሚገባውን ሰው ለይታ ትጠራለች፤ ገርበብ ያለ በር ግን ግንባሯን ይመታታል፣ ረከቦቱንም በእግሯ ትገለብጣለች። ወንድሜ «የፈለገችውን ታያለች፣ ያልፈለገችውን አታይም» እያለ ይቆጣል። አንድ ቀን ሰምታው አለቀሰች። እህቴ ከሪያድ ትልቅ ማጉያ መነጽር ላከችላት፤ ዳዊቷን በእሱ ማንበብ ጭራሽ ከበዳት። ነጭ በትር እንግዛልሽ ብንላት «ለማኝ ልታስመስሉኝ ነው?» አለችን። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አባ መላ
እግዚአብሔር ይማርልሽ። የካሮት ጭማቂ በየጠዋቱ ስጧት። ጸበልም አትርሱ።

መልስ፦ የዓይን ክፍል ነርስ
አባ መላ፣ ካሮት የቫይታሚን ኤ እጥረት ላለበት ይጠቅማል፤ በግላኮማ የተጎዳ የዓይን ነርቭ ግን በካሮት አይመለስም። ጸበሉ ይቀጥል፣ ጠብታው ብቻ አይቋረጥ።

እህቴ፣ እናትሽ አያስመስሉም። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፤ መሐሉ እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። መርፌው መሐል ላይ ስለሆነ ይታያል፤ በሩና ረከቦቱ ዳር ላይ ስለሆኑ አይታዩም። ወንድምሽ ወረቀት እንደ ቧንቧ ጠቅልሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው በቧንቧው ውስጥ እያየ ከሳሎን ወጥ ቤት ድረስ ይሂድ። (እናትሽ የሚያዩት በጥቁር የተከበበ ቀዳዳ አይደለም፤ አእምሮ የጎደለውን ስለሚሞላ ጉድለቱ ራሱ አይታወቃቸውም። ለዚህም ነው ግጭቱ ድንገተኛ የሚሆነው።)

ማጉያ መነጽሩ የከበዳቸውም ለዚሁ ነው። ፊደሉ ሲገዝፍ በጠባቧ መስኮት የሚገባው ቃል ያንሳል። ማጉያ በዋናነት የሚጠቅመው መሐሉ ለጠፋበት፣ ለምሳሌ በእርጅና ምክንያት ማኩላው (መሐሉን የሚያየው የዓይን ክፍል) ለተጎዳበት ሰው ነው። ለእናትሽ መካከለኛ ፊደል፣ ደማቅ ህትመት፣ ከትከሻቸው በላይ የሚመጣ ብርሃን፣ ከመስመሩ ሥር የሚያዝ ጥቁር ካርቶን ይሻላል።

መልስ፦ ጭላንጭል
እኔ ራሴ ግላኮማ አለብኝ፤ ከነርሷ የቀረውን ልጨምር። ከሁሉ የከፋው ጠላት ገርበብ ያለ በር ነው። በር ወይ ወለል ብሎ ይከፈት፣ ወይ ይዘጋ። በርጩማ፣ የከሰል ምድጃና ባልዲ መተላለፊያ ላይ አይቀመጡ፤ ዕቃ ከቦታው ሲነሳ ይነገራቸው። የደረጃውን ጠርዝ በቢጫ ቀለም ቀቡት። ነጭ ስኒ ነጭ ረከቦት ላይ ይጠፋል፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ ጨርቅ አንጥፉ። ቡናው ስኒው ውስጥ ሲሞላ ግን ጥቁር በነጭ ስለሆነ ጥሩ ይታያል፤ ስለዚህ መቅዳቱን አትንጠቋቸው። እኔን ከማየት መድከም በላይ የጎዳኝ «አንተ ተቀመጥ» መባል ነው።

ወደ አንድ ክፍል ሲገቡ ቆም ብለው ዓይናቸውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ታች ያዙሩ። ይህ በልምምድ የሚመጣ ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ትንሽ ይቆዩ። ውጭ ባለ ክፈፍ ባርኔጣ ይጠቅማል።

ስለ በትሩ፣ እኔም ሁለት ዓመት እምቢ ብያለሁ። ገበያ ውስጥ ሰው ገፍቼ «ሰክረሃል እንዴ?» ከተባልኩ በኋላ ያዝኩት። የሚታጠፍ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ እኔ የማወጣው አስፋልት ለመሻገርና ሲመሽ ብቻ ነው። አታስገድዷቸው። በትር ይዞ የሚሄድ የዕድሜ እኩያቸውን ቡና ጠርታችሁ አስተዋውቋቸው።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ነው ያላት፤ ብልቃጦቹ ይመሳሰሉባታል። ለመመርመርስ የት እንሂድ?

መልስ፦ የዓይን ክፍል ነርስ
በአንዱ ብልቃጥ ላይ ላስቲክ ጠምጥሚበት፤ በዳሰሳ ይለዩታል። በሁለቱ ጠብታዎች መካከል አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ አንድ ሁለት ደቂቃ በጣት ይጫኑ። አንዱ ቲሞሎል የሚባለው የግላኮማ ጠብታ ከሆነና አስም ካለባቸው ለሐኪሙ ዛሬውኑ ተናገሩ። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ስለማያም «ደህና ነኝ» ብለው ጠብታውን እንዳይተዉ።

ለእናንተ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ የዓይን ክፍል አለው። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የኦፕቶሜትሪ (የዕይታ ምርመራ) ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የትም ብትሄዱ «መነጽር ስጡን» ሳይሆን «የቀረውን ዕይታ እንዴት ትጠቀምበት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የጎን ዕይታቸውም ይለካ። አንቺም ወንድምሽም ተመርመሩ። ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል፤ ለልጅና ለወንድም እህት አደጋው ከሌላው ሰው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻዋ
ወንድሜ ትናንት ማታ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሞከረው። ወጥ ቤት ሳይደርስ ረከቦቱን ገለበጠ፤ ሁለት ስኒ ተሰበረ። እናቴ እስክትደክም ሳቀች፣ እሱ ግን አልሳቀም። ማክሰኞ ሦስታችንም ወደ ቦሩ ሜዳ እንሄዳለን።